ስለ አቶም ክፍሎችና ስለ ኤሌክትሪክ ሙላቸው




ጅማ ላይ ቆሞ ስለ አቶም ለሚናገር ሰው ከቡና የቀረበ ምሳሌ አይገኝለትም። በአጋሮም ይሁን በሊሙ ገነት፣ የተቆላ ቡና በኤሌክትሪክ መፍጫ ሲፈጭ ዱቄቱ ከመፍጫው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ አልወርድ ይላል። ይህን የሚያደርገው ኤሌክትሪክ ነው። ፍሬው ሲሰበርና ሲፋተግ ሙል ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው ይዛወራል። ሙል ይዛወራል እንጂ አይፈጠርም፤ አይጠፋምም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ከመፍጨት በፊት ጥቂት ውሃ ጠብ ቢደረግበት ሙሉ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ለመሆኑ ሙልን የሚሸከሙት እነማን ናቸው? ቶምሰን በ1897 የደረሰበት ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ ነው። በአቶም እምብርት የሚገኘው ፕሮቶን ፖዚቲቭ ሲሆን ክብደቱ የኤሌክትሮንን 1836 ጊዜ ያህል ይሆናል። ቻድዊክ በ1932 ያገኘው ኒውትሮን ግን ሙል የለውም። ኤሌክትሮን የተረፈው አካል ኔጋቲቭ፣ የጎደለው ፖዚቲቭ ይባላል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1964 ጌልማንና ዝዋይግ፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ኳርክ ከሚባሉ ክፍሎች የተሠሩ ናቸው የሚል አሳብ አቀረቡ፤ በኋላም በሙከራ ተደገፈ። አፕ የተባለው ኳርክ +2/3፣ ዳውን የተባለው −1/3 ሙል አለው። ሁለት አፕና አንድ ዳውን ሲደመሩ 1 ይሆናሉ፤ ይህ ፕሮቶን ነው። አንድ አፕና ሁለት ዳውን ሲደመሩ 0 ይሆናሉ፤ ይህም ኒውትሮን ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ፕሮቶን ከኳርኮች የተሠራ ነው፤ ኤሌክትሮን ግን ክፍል አልተገኘለትም። ሁለቱ በክብደትም በአሠራርም የማይገናኙ ሲሆኑ፣ የሙላቸው መጠን በተለካው ሁሉ ፍጹም እኩል ነው። እኩል ባይሆንስ? አንዱ ከአጋሮ አንዱ ከሊሙ የመጡ ሁለት ጓደኛሞች በክንድ ርቀት ቢቆሙና በሰውነታቸው ውስጥ ኤሌክትሮኑ ከፕሮቶኑ በመቶ አንድ ብቻ ቢበልጥ፣ የሚገፋፉበት ኃይል የምድርን ያህል ክብደት ለማንሳት ይበቃ ነበር። ተጨባብጠን ሰላም የምንባባለው ሒሳቡ ስለተጣጣመ ነው።

ለምን ተጣጣመ ለሚለው ግን ሳይንስ እስከ ዛሬ በሙከራ የተረጋገጠ መልስ የለውም። «ፕሮቶን ፖዚቲቭ ነው» ብለን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን ነጥብ እንቀበላለን፤ ከዚያም ደብተሩን እንዘጋለን። የእኔ ልመና ደብተሩ እንዳይዘጋ ነው። የሸመደደ ሰው ሌሎች የደረሱበትን ይደግማል፤ የጠየቀ ሰው ግን ገና ማንም ያልደረሰበትን ሊደርስበት ይችላል።