የባላው ዕድሜ
(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያህ ጋር የሚያያዝ ግን ቀለል ያለ ነገር ይሁን» ስላሉኝ ስለ አንድ የራግቢ ተጫዋች ላወራችሁ ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ ማን ራግቢ ያያል ትሉ ይሆናል። እኔ አያለሁ። ፊዚዮቴራፒስት ስለሆንኩ ግን ዓይኔ ኳሷን ትቶ ማጅራት ማጅራቱን ነው የሚከተለው።

በራግቢ ጨዋታው በትንሽ ጥፋት ሲቋረጥ ከየቡድኑ ስምንት ስምንት ሰው ተቆላልፎ ይገፋፋል፤ ስክረም ይሉታል። ከፊት ከሚሰለፉት ሦስት ሰዎች ግራና ቀኝ የሚቆሙት ፕሮፕ ይባላሉ። እኛ ለዚህ ስም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ባላ ማለት ነው። ዳሱ ሲያዘነብል ከጎኑ የምናቆምለት ባለ መንታው እንጨት። ፕሮፑ የተጋጣሚውን ግፊት ከፊት፣ የራሱን ጓደኞች ግፊት ከኋላ በአንገቱና በአከርካሪው ይቀበላል። ነጥብ የሚያስቆጥረው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ቴንዳይ ምታዋሪራ እ.ኤ.አ. በ1985 ሐራሬ ተወለደ። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ወዳለው ሻርክስ ክለብ ሲሄድ ኳስ ይዞ በሚሮጥበት ቦታ ነበር የሚጫወተው፤ አሰልጣኙ ዲክ ሙር ፕሮፕ አደረጉት። በ2008 ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈ። በዓመቱ የብሪታንያና የአየርላንድ ምርጦች ደርባን ሲመጡ ፊል ቪከሪ ገጠመው። ቪከሪ የዓለም ዋንጫ ያነሳ አንጋፋ ነው፤ ልጁ ግን ከስክረም ስክረም አንገቱን እያስደፋ ገፋው። አንጋፋው ሁለተኛው አጋማሽ ብዙም ሳይገፋ ተቀይሮ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ዜግነቱ ጥያቄ ተነሳበት፤ በ2010 ዜግነት አገኘ። የልብ ምቱ መዛባትም ከአንዴ በላይ ከሜዳ አስወጥቶታል፤ እየታከመ ተመለሰ። በጠቅላላው 117 ጊዜ ለአገሩ ተሰልፏል። ለአንድ ፕሮፕ ይህ ቀልድ አይደለም።

የመጨረሻው ጨዋታ በ2019 ዮኮሃማ ላይ፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ደቡብ አፍሪካ እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸነፈች። ከ32ቱ 22ቱን ያስቆጠረው ሃንድሬ ፖላርድ ነው፤ መዝገቡ ላይ የምታገኙትም እሱን ነው። ነገር ግን ከቅጣት ምቶቹ የተወሰኑት የተገኙት እንግሊዞች በስክረም መቆም አቅቷቸው ነው። ያንን ያደረጉት ባላዎቹ ናቸው። ምታዋሪራ በዚያው ሳምንት ከብሔራዊ ቡድን መሰናበቱን አስታወቀ።

እኔን የሚገርመኝ ጉልበቱ አይደለም፤ ጉልበትማ እኛም አገር ሞልቷል። የሚገርመኝ ያ አንገት ይህን ሁሉ ዓመት መቆየቱ ነው። ባለሙያ ፕሮፕ የአንገቱን ጡንቻ እየለካ የሚያሠለጥነው፣ ሲያመው የሚያሳርፈው ሰው አለው። ሕጉ ራሱ ተቀይሮለታል፤ ከ2013 ጀምሮ ፕሮፖቹ አስቀድመው ተያይዘው ነው የሚጋጠሙት፤ ከርቀት ተወርውሮ መጋጨት ቀርቷል። ይህም ሆኖ ሁሉም አልዳነም። በሁለቱ ፕሮፖች መካከል ይሰለፍ የነበረው እንግሊዛዊው ስቲቭ ቶምፕሰን በ2020 የመርሳት በሽታ እንደተገኘበት ተናግሯል። የ2003ን የዓለም ዋንጫ ማሸነፉን እንኳ አያስታውስም።

አሁን ወደ አገሬ ልምጣ። ተወልጄ ያደግኩት ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው። እዚያ ባላው ሴቷ ናት። ውሃውን በጀርባዋ፣ እንጨቱን በጀርባዋ፣ እህሉንም እስከ ወፍጮ በጀርባዋ፤ ያውም ዳገት ቁልቁለቱን። የምትጀምረው በልጅነቷ ነው፤ የምትሰናበትበት ቀን የለም። «ወገቤን» ብላ ስትመጣ ካርዱ ላይ «የወገብ ሕመም» ተብሎ ይጻፍላታል። ምን ያህል፣ ስንት ዓመት፣ በምን ዓይነት አስተሳሰር እንደተሸከመች የሚጠይቅ ቦታ እኔ ባየኋቸው ካርዶች ላይ የለም። የፕሮፑ ሐኪም ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ይህ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ላይ ሕዝቡ መሃል እያሠማራ ነበር የሚያስተምረው። ታላላቆቻችን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላላችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ፊዚዮቴራፒም ስፖርት ሳይንስም እናስተምራለን። እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ከሁለቱም ክፍሎች ጥቂት ተማሪዎች በየዓመቱ መካነ ብርሃን ይውጡ። ሸክሙን በሚዛን ይመዝኑ፣ አንገትና ወገብ ይመርምሩ፣ ገመዱ የት ላይ ቢያርፍ እንደሚሻል ከተሸካሚዎቹ ጋር ይሞክሩ። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ማኅበሩ የመጓጓዣውን ወጪ ቢችል፣ መምህራኑ ደግሞ ፕሮግራም ቢያወጡ፣ ማደሪያውን ለእኔ ተዉት፤ ቤተሰቦቼ እዚያው ናቸው። ከደባርቅ የሚወስደው መንገድ በቧሂት በኩል ስለሆነ በክረምት ያስቸግራል፤ ጥቅምት ላይ ብንጀምር ይሻላል። ብርድ ልብስ ግን አትርሱ።