ኦዲት ማለት መስማት ነው
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



«አሁን የኦዲት ሪፖርት ይቀርባል» ሲባል አዳራሹ ዝም ይላል፤ አንዳንዶቻችንም ስልካችንን እናወጣለን። ቃሉ የፈረንጅ ስለሆነ ለተማረ ሰው ብቻ የተተወ ይመስላል። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል።

ኦዲት ወደ እንግሊዝኛ የመጣው ከላቲን ነው፤ ሥሩም «ሰማ» ማለት ነው። ኦዲዮ የምንለውም፣ ኦዲቶሪየም የምንለውም የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገር የባላባት ርስት የሚያስተዳድረው ሰው ገቢና ወጪውን በቃሉ ያስረዳ ነበር። ኦዲተሩ ተቀምጦ የሚሰማው ሰው ነው። ብዙው ሰው ማንበብ በማይችልበት ዘመን ሒሳብ በጆሮ ይመረመር ነበር ማለት ነው።

የእኛው «ሒሳብ» ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በግእዝ «ሐሰበ» ቆጠረም፣ አሰበም ማለት ነው፤ በዓላትና አጽዋማት የሚሰሉበት ባሕረ ሐሳብም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

ሥራውን ግን ከማንም አልተዋስነውም። ገርጂም ሆነ የካ፣ ዕድር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ ጸሐፊው ይህን ያህል ተሰበሰበ፣ ለድንኳን ይህን ያህል ወጣ ብሎ ያነባል፣ አባላት ይሰማሉ፣ ያልገባው እጁን ያነሣል። በአገር ደረጃም ቢሆን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ዋናው ኦዲተር ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ወደ ራሳችን ልምጣ። ባለፈው ጉባኤ አንዲት እናታችን «ለትራንስፖርት የተባለው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከኋላ «ሌባ ሊሉን ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ እሳቸውም ተቀመጡ። ደረሰኙ እኮ ፋይሉ ውስጥ ነበር! ማንም አላወጣላቸውም እንጂ። ከዚያ ወዲህ ቁጠባቸውን በየሳምንቱ ያመጣሉ፣ ቃል ግን አይተነፍሱም። ይህ እኔን ያሳስበኛል። ገንዘብ ያዣችንን ከሐሜት የሚያድናት ጥያቄ ነው፤ ጭብጨባ ደረሰኝ ሆኖ አያውቅም።

ለደጋፊዎቻችን የሚላከው ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነው፣ 11 ገጽ። ለእናንተ በአማርኛ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ፋይሉንም ይዤ መጥቻለሁ። የምትፈልጉትን መስመር ጥሩ፣ ደረሰኙን እያወጣሁ አነባለሁ። በትራንስፖርት ልጀምር።