መዝገቡ የማን ነው?

ነቀምቴ ጨለለቂ የተሰበሰባችሁ አባቶችና እናቶች፤ እኔ በዕድሜ ልጃችሁ ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ ነው።

ከመካከላችሁ የአምራቾች ማኅበርን የምታስታውሱ ሽማግሎች አላችሁ። በመልባ መሬቱ የጋራ ሲሆን በሬው የግል ነበር፤ በወልባ ግን በሬውም ማረሻውም ለማኅበሩ ገባ። የዕለቱ ሥራ በነጥብ ይቆጠራል፤ እህሉም የሚከፋፈለው በነጥቡ ነው። እስቲ አስቡት! ጸሐፊው የአንድ ቀን አረም ሳይጽፍ ቢቀር የዚያ ሰው ቤተሰብ እህል ጎደለ ማለት ነው። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ፖሊሲውን ሲለውጥ ብዙዎቹ ማኅበራት ፈረሱ። ያን ጊዜ በሬ ያስገባ ሰው «በሬዬ ይመለስልኝ» ቢል ማስረጃው ምንድን ነው? መዝገብ ነዋ! መዝገብ ከሌለ የሚረታው አፈኛው ነው።

በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985 ተተካ። በኅብረት ሥራ ማኅበር የበላዩ አካል የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሀብታሙም ድሃውም ያለው አንድ ድምፅ ነው። ሒሳብም በየዓመቱ መመርመር አለበት። በእንግሊዝ አገር፣ ሮችዴል በምትባል ከተማ፣ በ1844 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማኅበር ያቋቋሙት ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች እንኳ ሒሳባቸውን በየሦስት ወሩ ለአባላት ያሰሙ ነበር። እድራችሁም ቢሆን ያለመዝገብ አይሄድም።

እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው መዝገቡን ይይዛሉ እንጂ ባለቤቶቹ አይደሉም። ፊደል ሳይቆጠር በፊት ሰው ምን እንደተጻፈ ሳያውቅ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርም ነበር። አሁን ግን ማንበብ ችላችኋል፤ ሳታነቡ አትፈርሙ።

በቆሎ ወይም ኑግ ስታስረክቡ ሚዛኑን እዩ፤ ደረሰኝ ሳትይዙ አትሂዱ። በደረሰኙ ላይ ስማችሁ፣ ቀኑ፣ ኪሎውና ዋጋው ይኑር። በጨርቅ ጠቅልላችሁ አኑሩት፤ አይጥ ደረሰኝ ትወዳለች! ከዚያ ቀን መርጣችሁ ወደ ቢሮ ሂዱና ደረሰኙን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። 215 ኪሎ አስረክባችሁ መዝገቡ 125 ካለ ቁጥሩ ተገላብጧል። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ትክክለኛው ከጎኑ ተጽፎ ይፈረምበታል። ተፍቆ ወይም ተደልዞ ካያችሁ «ይህ ምንድን ነው?» በሉ። መዝገቡ የተጻፈው በማታውቁት ቋንቋ ከሆነ በምትሰሙት ቋንቋ ይነበብላችሁ።

«ዛሬ ቁልፉ የለም» ቢሏችሁ የሚገኝበትን ቀን ጠይቁ። በዚያም ቀን ካልተገኘ ለቁጥጥር ኮሚቴው ንገሩ። እሱም ዝም ካለ በጠቅላላ ጉባኤ ተነሡና ተናገሩ፤ ጥያቄያችሁ በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ። ከስብሰባው ከመነሣታችሁ በፊት ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ስማችሁና ጥያቄያችሁ መግባቱን አዳምጡ።