የእጅ መታጠቢያ ከመግዛታችን በፊት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



መታጠቢያ ቤታችንን ስናድስ መሬት ላይ የሚቆም ባለቁምሳጥን የእጅ መታጠቢያ መግዛት ለምደናል። ዓይናችን የሚያርፈው ግን መልኩ ላይ ብቻ ነው። እኛ መቐለዎች ውኃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ቧንቧው ሲደርቅ ሳንዘጋው እንተኛለን፤ ሌሊት ውኃ ሲመጣ ወለሉ ይጥለቀለቃል። ከመካከላችን የአንዳችን አዲስ የቺፑድ ቁምሳጥን እንዲህ አብጦ ተጣለ። የስንት ወር ቁጠባ ነበር!

ስለዚህ፦
አንደኛ፣ እግር ያለውና ሥሩ የሚወለወል ይሁን።
ሁለተኛ፣ ከቺፑድ አሉሚኒየም ይሻላል።
ሦስተኛ፣ የዓይናለም ጉድጓድ ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ጥቁር ሳህን ያሳጣል።
አራተኛ፣ ጀሪካናችን የሚቆምበት ቦታ እንዲተርፍ በሜትር እንለካ።

ከሁሉም በላይ መዝጊያው እጅ የሚደርስበት ይሁን፤ ማታ ማታም እንዝጋው። ሳይቃጠል በቅጠል!