ብሔራዊ ቴአትርን ማን ሠራው? ማንስ ገባበት?
(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ ሕንፃ ጥቂት እንድንናገር ዳኛችን ፈቅደውልናል። ከፍ ያለ ትምህርት የለንም፤ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ፋይል ስናገላብጥ የጨረስን ጡረተኛ ጸሐፊ ነን። ፋይል የለመደ ሰው ታዲያ ቤትም ሲያይ «ማን ጀመረው፣ ማን ጨረሰው?» ማለቱ አይቀርም።

ከለገሃር ከፍ ብሎ ያለውን ብሔራዊ ቴአትር ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ሰው ከመሠረቱ ጀምሮ ንጉሡ ያሠሩት ይመስለዋል። የጀመረው ግን ጣልያን ነው። በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ሊለው አስቦ ሳይጨርሰው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። ጅምሩን ተረክቦ ለፍጻሜ ያበቃው አንሪ ሾሜት የተባለ ፈረንሳዊ አርክቴክት ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃም የነደፈ ይኸው ሰው ነው። በደጁ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ የቀረጸውም ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ለዘውዱ 25ኛ ዓመት በዓል ተመርቆ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተባለ።

ማን ገባበት ያላችሁ እንደሆነ፣ ኦርኬስትራውን በመጀመሪያ የመራው ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ነው። አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያንም ሙዚቀኞቹን አሠልጥኗል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዳይሬክተርነት ሠርተውበታል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የንጉሡ ስም ወርዶ «ብሔራዊ ቴአትር» ተባለ።

እንግዲህ የትልልቆቹን ስም አገኘን። ድንጋይ የተሸከሙትስ? አባታችን በ1947 ዓ.ም. እዚያ የቀን ሠራተኛ ሆነው ለግንበኛ ሲሚንቶ ያቀብሉ ነበር። ልጅ ሳለን በዚያ ስናልፍ ቆም ይሉና «ያ ግድግዳ የእኛ ላብ ነው» ይሉን ነበር። ትኬት ቆርጠው ግን አንድ ቀን እንኳ አልገቡም። ካረፉ በኋላ ስማቸውን ብንፈልግ ያገኘነው በአንድ ቦታ ብቻ፣ በዚሁ በእድራችን መዝገብ ላይ ነው። መዋጯቸው ወር በወር ተጽፏል፤ መጨረሻው ላይ «ዐረፉ» ይላል። ምን እንደሠሩ ግን አንድ ቃል የለም።

አሁን ሰፈሩ እየፈረሰ ነው፤ የሚያውቁ ሽማግሎችም እያለቁብን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናለን። በመዝገቡ ላይ «የት ሠሩ? ምን ሠሩ?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመርልን። አባሉ በሕይወት ሳለ ይጠየቅ፤ ጸሐፊውም ይጻፍ። ወጪው የአንድ እስክሪብቶ ቀለም ነው። ሰውን በወጉ መቅበር እናውቅበታለን፤ ሥራውን ግን አብረን አንቅበረው።