ድራጎን ያለበት መጽሐፍ ለሐኪም
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ለጓደኞችሽ የምትመክሪውን አንድ መጽሐፍ ይዘሽ ነይ» ሲሉኝ ከሕክምና ጋር የተያያዘ ነገር የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ይዤ የመጣሁት ድራጎን ያለበት ልብ ወለድ ነው። ከኋላ የሳቃችሁትን አይቻለሁ፤ ግድ የለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያልን ያደግን ሰዎች ነን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ባዕድ አይደለንም።

ጸሐፊዋ አሜሪካዊት ናት፤ ሮቢን ሆብ የብዕር ስሟ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣ፣ ሁለተኛው በ1996፣ ሦስተኛው በ1997። ከዚያ በኋላ እስከ 2017 ድረስ በዚያው ዓለም ላይ በድምሩ 16 ልብ ወለድ ጽፋለች። 16 ስትሰሙ አትደንግጡ፤ ዛሬ የማወራው ስለ መጀመሪያዎቹ 3 ብቻ ነው።

ታሪኩን የሚነግረን ፊትዝ ነው፣ የአልጋ ወራሹ ዲቃላ። በ6 ዓመቱ የእናቱ አባት እጁን ይዞ ይመጣና ለዘበኞች አስረክቦት ይሄዳል። በዚህ ሰበብ አባትየው አልጋ ወራሽነቱን ትቶ ከቤተ መንግሥት ይርቃል፤ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ይቀራሉ። ልጁን የሚያሳድገው ቡሪች የሚባል የፈረሶች አለቃ ነው፤ በእኛ ቤተ መንግሥት ቢሆን ባልደራስ የምንለው ዓይነት። አያቱ ንጉሡ ደግሞ «ይህ ልጅ የጠላት መሣሪያ ከሚሆን የእኔ ይሁን» ይልና በድብቅ መርዝና ግድያ ያስተምረዋል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። በዚያ አገርም የመሳፍንት ልጆች የሚሰየሙት በሚመኙላቸው ጠባይ ነው። ቬሪቲ እውነት ነው፣ ፔሼንስ የእኛዋ ትዕግሥት ናት። ስሙን የሚመስል አለ፣ ስሙ የሚያላግጥበትም አለ። ፊትዝ የሚለው ግን «ዲቃላው» እንደማለት ነው። ልጁ በዚያ ተጠርቶ ያድጋል።

ፊትዝ ከእንስሳት ጋር በሐሳብ የመነጋገር ተሰጥኦ አለው። ያገሩ ሰው ይህን እንደ እርኩሰት ያየዋል፤ ያለበትን ሰው ይሰቅላል፣ ያቃጥላል። ሸክላ ሠሪው ወይም ቀጥቃጩ «ቡዳ ነው፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል» ሲባል እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ ክፍል ማብራሪያ አያሻውም። ቡሪች ልጁን ከዚህ «ለማዳን» ብሎ የሚወደውን ቡችላ ይነጥቀዋል። ያንን ምዕራፍ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሥቻለሁ። ክፉ ሰው ቢያደርገው ይቀለኝ ነበር፤ ቡሪች ግን የሚያደርገው ከልቡ ስለሚወደው ነው።

አሁን ወደመጣሁበት ነገር ልግባ። የባሕር ወራሪዎች አንድ መንደር ያጠቁና ሰው ማርከው ይወስዳሉ። ከዚያ የሚልኩት መልእክት ግራ ያጋባል፤ «ወርቅ ካልከፈላችሁ ሰዎቻችሁን እንመልስላችኋለን» ይላል። ማንም አይገባውም። ምርኮኞቹ ሲመለሱ ነው የሚገባቸው። ስማቸውን ያውቃሉ፣ ቤታቸውን ያውቃሉ፤ ግን ምንም አይሰማቸውም። የገዛ ቤተሰባቸው ከመንገድ ድንጋይ አይለይባቸውም። ሲርባቸው ከማንም ቀምተው ይበላሉ። ፊትዝ በተሰጥኦው ሕይወት ያለውን ሁሉ ከሩቅ ይሰማል፤ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ግን ባዶ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም። ክርስቲና ማስላክ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የሥራ ዝለትን ስታጠና 3 ነገር ለየች፦ የስሜት መሟጠጥ፣ ሰውን እንደ ዕቃ ማየት፣ «ሥራዬ ፋይዳ የለውም» ማለት። ሁለተኛውን ልብ በሉልኝ። «7 ቁጥር ላይ ያለው ጉበት እንዴት አደረ?» ብለን የማናውቅ ስንቶቻችን ነን? ኢንተርን እያለን ሕመምተኛ ሲሞትብን የምንሰማው ማጽናኛ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ነበር። እውነት ነው፣ ይለመዳል። አብሮት ምን እንደሚሄድ ግን ማንም አልነገረንም። ዛሬ እኛም ለተማሪዎቻችን ያንኑ ስንል እሰማለሁ። የማያለቅሰውን «ጠንካራ» እንለዋለን፤ ጥንካሬ ይሁን ድንዛዜ ግን አንጠይቅም።

በሦስተኛው መጽሐፍ ፊትዝ የራሱን ሕመም ከላዩ ላይ አውልቆ የመጣል ዕድል ያገኛል። ምን እንዳደረገ አልነግራችሁም። ያ ቦታ ላይ ስትደርሱ ግን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር ራሳችሁን ትጠይቃላችሁ፤ መልሱም ቶሎ አይመጣላችሁም።

የሐኪም ዓይኔም የሚያደንቀው ነገር አለ። በብዙ ጀብዱ መጽሐፍ ጀግናው ተወግቶ በማግስቱ ፈረስ ይጋልባል። ፊትዝ ግን ከተመረዘ በኋላ ለወራት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሚጥል በሽታ ይነሣበታል፣ በ20 ዓመቱ ሳይደርስ እንደ ሽማግሌ ይደክማል። ሽማግሌው ንጉሥ ደግሞ በሕመም ማስታገሻ ደንዝዞ ሲኖር፣ ማን ለምን እንደሚያደነዝዘው መጠየቅ እንጀምራለን። የሥር የሰደደ ሕመም እንክብካቤ የምታስተምሩ መምህራን እዚያ ክፍል ላይ ብዙ የምትሉት ይኖራችኋል።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። ጉዞው ቀርፋፋ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 100 ገጾች ታገሡ። ግፍ አለበት፣ ድብደባ አለበት፣ የእንስሳ ሞት አለበት። በቅርቡ ኀዘን የደረሰባችሁ ለጊዜው አቆዩት። ከተረኝነት በኋላ ማታ አትጀምሩት፤ ሳይነጋ አትተኙም። ቅደም ተከተሉን ደግሞ አትዝለሉ፤ ከአንደኛው ጀምሩ።

ያድናል አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። እኔ ግን ሦስቱን ከጨረስኩ ወዲህ ዙር ስወጣ ከአልጋ ቁጥሩ በፊት ስም እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ትቼዋለሁ። አንብባችሁ ስትመልሱ ቡሪችን ይቅር አላችሁት ወይስ አላላችሁትም፣ ሻይ እየጠጣን እንከራከርበታለን።