በጨርቁ ላይ የሚቀረውና ወደ ውኃው የሚሄደው
ስለ ዕፀዋት ጭማቂና ስለ ጨርቅ ጥበቃ የተደረገ ንግግር



የፋብሪካ ሳሙና በየገበያው ከመዛመቱ በፊት በኢትዮጵያ ጋቢና ነጠላ ይታጠብ የነበረው በእንዶድ ፍሬ መሆኑ የታወቀ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ በብዛት ሞተው አገኙ። ከዚህ ትዝብት የተነሣው ምርምር በ1989 እ.ኤ.አ. ለእርሳቸውና ለባልደረባቸው ለለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ታሪኩ ዘወትር የሚወሳው ለጤና ጥበቃ ባለው ፋይዳ ነው። ለጨርቃ ጨርቅ ባለሙያ ግን ሌላ ትምህርት ይዟል፤ እንዶዱ ቀንድ አውጣውን የገደለው በልብሱ ላይ ስለ ቀረ ሳይሆን ከልብሱ ወጥቶ ወደ ወንዙ ስለ ወረደ ነው።

ዛሬ ጨርቅን ከባክቴሪያና ከሻጋታ ለመጠበቅ በዕፀዋት ጭማቂ ማከም በብዙ አገሮች ቤተ ሙከራዎች የሚደከምበት ጥናት ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥጥ እርጥበትን ይስባል፤ ላብና የቆዳ ቅባት ሲጨመርበት ለተሕዋስያን የተመቸ ማረፊያ ይሆናል። ላብ ራሱ እምብዛም አይሸትም፤ ሽታውን የሚያመጡት ላቡን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሻጋታም በበኩሉ የጥጡን ሴሉሎስ እየበላ ጨርቁን ያበልዛል፣ ያሳሳዋል። ይህን ለመከላከል ሲሠራባቸው በቆዩት ሰው ሠራሽ ኬሚካሎች ላይ ደግሞ ጥርጣሬ ተነሥቷል፤ ከእነርሱ አንዱ ትሪክሎሳን ለሕዝብ ከሚሸጡ ፀረ ባክቴሪያ ሳሙናዎች እንዲወጣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. ወስኗል።

ከዚህ የተነሣ የተመራማሪዎች ዓይን ወደ ኒም፣ ወደ እሬት፣ ወደ እርድና ወደ ሮማን ልጣጭ ዞሯል። እነዚህ ዕፀዋት ኃይል እንዳላቸው አያጠራጥርም። በሮማን ልጣጭ ውስጥ ያለው ታኒን፣ ቆዳ ፋቂዎች ከዛፍ ቅርፊት ከሚያወጡት ጋር አንድ ወገን ሲሆን የተሕዋስያኑን ፕሮቲን አጣብቆ ሥራ ያስፈታል። ይሁን እንጂ አስቸጋሪው መግደሉ ሳይሆን ማቆየቱ ነው። ጥጥ አብዛኞቹን ቅመሞች በራሱ አጥብቆ አይዝም፤ የተነከረው ጨርቅ ተጨምቆ ቢደርቅም ጥቂት እጥበት ሊያራቁተው ይችላል።

ለዚህም መላ ተፈልጓል። ታኒን እንደ ተክል ቀለም ሁሉ በአሉም ይያዛል፤ ነገር ግን ጨርቁን ያቀልመዋል። ሌላው መንገድ ሲትሪክ አሲድን ጨምሮ ጨርቁን ከ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት በማብሰል ከሴሉሎሱ ጋር ማስተሳሰር ነው፤ ይህም ነጩን ቢጫ ያደርጋል፣ የክሩንም ጥንካሬ ይቀንሳል። ቅመሙን በሙጫ ሽፋን በጥቃቅን እንክብል መልክ አሽጎ በጨርቁ ላይ ማጣበቅም ይቻላል፤ እንክብሉ ግን በፍትጊያ ይሰበራል። ያለ ዋጋ የሚገኝ ጥቅም የለም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ፈተናው ነው። ቁራጭ ጨርቅ ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር ላይ ይቀመጥና በዙሪያው የሚታየው ባክቴሪያ አልባ ቀለበት ይለካል፤ ቀለበቱ ሲሰፋ ውጤቱ ይወደሳል። ዳሩ ግን ቀለበቱ የሚያሳየው፣ እንደ ወንዙ እንዶድ፣ ከጨርቁ የሸሸውን ቅመም ነው። በጨርቁ ላይ ያለውን ኃይል ለማወቅ በአይ.ኤስ.ኦ. 20743 እንደ ተደነገገው ከጨርቁ የተገኙትን ሕያዋን ባክቴሪያዎች መቁጠር ይገባል። ሲትሪክ አሲድም ራሱ ባክቴሪያን ስለሚጎዳ፣ ጭማቂ የሌለበት በአሲዱ ብቻ የታከመ ጨርቅ ጎን ለጎን ካልተፈተነ ምስጋናው የቅጠሉ ይሁን የአሲዱ አይለይም። ስታፊሎኮከስን ያሸነፈ ጭማቂም፣ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ያለውን ኢ. ኮላይን ላያሸንፍ ይችላል። ቅጠሉም ቢሆን እንደ ወቅቱና እንደ አፈሩ ኃይሉ ስለሚለያይ የአንዱ ዙር ውጤት ለሚቀጥለው ዋስ አይሆንም።

ይህ የቤተ ሙከራ ክርክር ብቻ አይደለም። «ፀረ ተሕዋስያን» ተብሎ ለሆስፒታል የተሸጠ አንሶላ ነርሷም ሕመምተኛውም የሚያምኑት አንሶላ ነው። ኃይሉ ከአምስት እጥበት በኋላ ካለቀና ስሙ ብቻ ከቀረ፣ ያ እምነት ራሱ አደጋ ይሆናል። «ተፈጥሯዊ» ማለትም «የማይጎዳ» ማለት አይደለም፤ ቀንድ አውጣውን የገደለው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ፋብሪካ የሚለቀው የጭማቂ እጣቢ እንደ ማንኛውም ኬሚካል ሊመረመር ይገባዋል።

በእንዶድ ረገድ ከወንዝ ዳር ትዝብት ወደ ተለካ መጠን ለመድረስ የዓመታት ድካም ጠይቋል። የጨርቅ ባለሙያም ከዚያ ባነሰ ሊረካ አይገባውም። የታከመ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ምስክር ወረቀቱ የተክሉን ስምና የተወሰደውን ክፍል፣ የተፈተነበትን ተሕዋስያን፣ ኃይሉ እስከ ስንተኛው እጥበት እንደሚጸና ሊናገር ይገባል። የእጥበት ቁጥር ያልተጻፈበት ምስክር ወረቀት ስለ ቅጠሉ ይመሰክር ይሆናል፤ ስለ ጨርቁ ግን አልመሰከረም።